ያልደረቀ ምድጃ ለኢፍጣር አይደርስም

 

በረመዳን ወር ስለ ጾም ድንጋጌዎች፣ ስለ ዘካና ስለ ተራዊህ ማንበብ ለምዳችኋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጭቃ ነው። በግቢ ውስጥ በእጅ ስለሚሠራው የሸክላ ምድጃ፣ ይልቁንም ስለ መጨረሻው ሥራ፣ ስለ ማለስለሱና ስለ ማሟሸቱ። ምድጃ ማቆም ብዙ ሰው ይችላል። የሚበላሸው ማጠናቀቁ ላይ ነው። እኔም የተበላሸብኝ እዚያው ላይ ነው።

የምኖረው አዋሽ ሰባት ነው። ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው በግቢያችን ጥግ ምድጃ ልሠራ ተነሣሁ። ባለቤቴ ሙፎ ለመጋገር ሊጥ ይዛ ጎረቤት መሄድ ያሳፍራት ነበር፤ በተለይ በረመዳን፣ ከዐስር በኋላ ሁሉም ለኢፍጣር በሚጣደፍበት ሰዓት። እኔም ብሆን የሰው ደጅ ስትቆም ማየት አልወደድኩም። የራሳችን ይኑረን አልኩ።

አፋር ላልኖረ አንባቢ ምድጃው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አንገቱ የተቆረጠ ትልቅ እንስራ አስቡ። ከሥሩ ለአየር የሚሆን ቀዳዳ አለው። እሳቱ ከውስጥ ይነድና ፍም ሲሆን ሊጡ በእጅ ተዘርግቶ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ ቂጣውን፣ አንዳንዱ ምድጃውን ራሱን ሙፎ ይለዋል። በዐረብኛ ስሙ ተኑር ነው። ይህ ቃል በቁርኣን ውስጥ በሱረቱ ሁድና በሱረቱል ሙእሚኑን በነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ) ታሪክ ውስጥ ተጠቅሷል፤ የጎርፉ ምልክት ውኃ ከተኑሩ መገንፈሉ ነበር።

የምድጃውን ገላ በሁለት ቀን አቆምኩት። ማለስለሱ ቀረኝ። ውስጡ ሻካራ ነበር፤ ጣቶቼ የሄዱበት ሁሉ ይታያል። እንዲያምር ፈለግኩና ከረባዳው ቦታ ጥቁሩን አፈር አመጣሁ። ይህ አፈር ሲረጥብ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ምንም ሳልቀላቅልበት በውኃ ብቻ አቦካሁት፤ ሁለት ጣት ያህል አወፍሬ ውስጡን ለቀለቅኩት፤ በእርጥብ እጄ ስዳብሰው አበራ። ባለቤቴ አየችና «ማሻአላህ» አለች። በማግስቱ ክፍቱን ፀሐይ ላይ ዋለ። ላዩ ሲነካ ደረቅ ነበር። በመጀመሪያው የጾም ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እሳት አነደድንበት።

በዚያ ምሽት እንግዶች ነበሩን፤ ከመስጊድ ይዣቸው የመጣሁ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች። ሁለት ቂጣ ተለጠፈ። ሦስተኛው ሳይደርስ ከውስጥ የሚፈነዳ ድምፅ ሰማን፤ ወዲያው ያ የሚያበራው ልቅላቂ ከነቂጣው ተገምሶ ፍሙ ላይ ወደቀ። የተረፈውም ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ተነሣ። ሊጡ ሁሉ አመድና አፈር ሆነ። አዛን ሲል በእጃችን የነበረው ተምርና ውኃ ብቻ ነው። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ከባድ ነበር።

ከመግሪብ ሶላት ስንመለስ አጥር የምንጋራቸው አፋር እናት በትሪ የተሸፈነ ትኩስ ሙፎ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ድምፁን ሰምተውታል። አማርኛቸው አንተና አንቱን አይለይም፤ «ሼኽ፣ እኛ ጋር ምድጃ አለ። ለምን ዝም አልክ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ መጥተው እጃቸውን ወደ ምድጃው ሰደዱ። አንዱን ቅርፊት አንሥተው በጣታቸው ፈረከሱትና «ይሄ ለዓይን ነው የተሠራው፤ ለእሳት አይደለም» አሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእሳቸው የተማርኩት፣ ቀሪው ደግሞ በኋላ ራሴ ስሠራና ሳፈርስ ያገኘሁት ነው።

አፈሩ

የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል። በበጋ ማሳ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው ለዚህ ነው። ብቻውን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እሱ ይኮማተራል፤ ከሥሩ ያለው የደረቀ ገላ ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይለያያሉ። አሸዋ አይኮማተርም፤ ጭድ ደግሞ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። ጭዱ በኋላ ተቃጥሎ ሲያልቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተውና እንፋሎት መውጫ ያገኛል።

የጎረቤታችን ልኬት ለአንድ ጣሳ የሚጣበቅ አፈር ሁለት ጣሳ ደቃቅ አሸዋና አንድ እፍኝ በጣም የደቀቀ ጭድ ነው። የተሰበረ ምጣድ ወይም ጀበና ካለ ገሉ ተወቅጦ፣ በወንፊት ተነፍቶ ከአሸዋው ከፊሉን ቢተካ ይበልጥ ይሻላል። ገል አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግመኛ አይኮማተርም።

ነገር ግን የሁሉም ሰው አፈር አንድ አይደለም። ስለዚህ ሙከራ አድርጉ። በተለያየ መጠን ቀላቅላችሁ መዳፍ የሚያክሉ ሦስት አራት ጠፍጣፋ ጭቃዎች ጋግሩና ጥላ ውስጥ አድርቁ። የተሰነጠቀው አሸዋ ያንሰዋል። በጣት ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅም ሳይረግፍም የቀረው የእናንተ ልኬት ነው። ይህ ሙከራ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ እኔ ያንን ቀን ነበር የቆጠብኩት።

በአዋሽ ሸለቆ ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ ጨው። በመስኖ አካባቢ ብዙ መሬት ጨዋማ ሆኗል። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የሚያወጣ አፈር ከምድጃው ላይ እየተላጠ ይወርዳል። የቀድሞ ሰዎች አፈሩን በምላስ ጫፍ ቀምሰው ይለዩታል። በረመዳን ይህን ለማድረግ ከመግሪብ በኋላ ያለው ሰዓት ይበቃል፤ ጾምን ለጭቃ ጥርጣሬ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

ስለ እበት ብዙ እጠየቃለሁ። እበት ጭቃን በደንብ ይይዛል፤ ቤት የሚለቀለቀውም በእሱ ነው። በእኛ አካባቢ በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ እበት ነጂስ ነው። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ደግሞ ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ንጹሕ ነው። በዚህ ጉዳይ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲከራከር አልፈልግም። ቂጣ የሚነካውን ውስጠኛውን ክፍል በጭድ ሥሩት፤ ሁሉም ሳይጠራጠር ይበላል።

ሲሚንቶ አትቀላቅሉ። ለግድግዳ የጠነከረው ሲሚንቶ እሳት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል፤ ይፈረካከሳል።

እጅና ድንጋይ

ውስጡ የሚለሰልሰው ለውበት አይደለም። ሻካራ ከሆነ ሊጡ ወደ ጎድጓዳው ይገባና ሲነሣ ይቀደዳል፤ የቀረው ፍርፋሪ ያርርና ቀጣዩን ቂጣ ያመርረዋል። ከመጠን በላይ እንደ መስተዋት ከተወለወለ ደግሞ ሊጡ ሳይዝ ይንሸራተታል። የሚፈለገው ልክ ጥሩ ምጣድ ላይ መዳፍ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ነው።

የመጨረሻው ልቅለቃ የሚጀመረው ገላው በእጅ ሲገፉት የማይጎደጉድ፣ በጥፍር ሲጭሩት ግን የሚጫር ሲሆን ነው። ቀድሞ ከደረቀ ላዩን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉትና ውኃ ርጩበት፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ በአንዴ ይመጠዋል። ጭቃው አስቀድሞ ተነፍቶ፣ ተቦክቶና ተሸፍኖ ቢያንስ ሦስት ቀን ይተኛ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ በመዳፍ እየተጫነ ይለቀለቅ። ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ተጨማሪ ካስፈለገ የመጀመሪያው ከጠነከረ በኋላ ሌላ ስስ ድርብ ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ወይም እንደ እኔ በእርጥብ እጅ እየዳበሰ ያሳምራል። ውኃ የበዛበት እጅ ደቃቁን አፈር ብቻ ወደ ላይ ያወጣል፤ ያ ስስ ቅርፊት ነው ቀድሞ የሚነሣው። ዋናው ማለስለስ የሚመጣው ጭቃው ግማሽ ሲደርቅ ነው። ከወንዝ ዳር የተለቀመ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ድንጋይ ይዛችሁ ሳትቸኩሉ በክብ በክብ እሹት። ድንጋዩ ጭቃውን ያጠብቀዋል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ይዘጋዋል። ጎረቤታችን ይህን ሲሠሩ ዚክር ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ስንት ጊዜ ልሽ ብዬ ብጠይቃቸው «እጅህ ሲነግርህ» አሉኝ።

ከሰመራ የተደወለ ስልክ

የበኩር ልጄ ትዳር ይዛ ሰመራ ገባች። እሷም በተከራዩት ግቢ ምድጃ ሠራች፤ ልኬቱን ከእኔ ወስዳለች። ለቅልቃ በጨረሰች በማግስቱ ደወለችና «አባዬ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ፤ ተሰነጠቀ» አለችኝ። ያልነገርኳት ነገር ነበር።

ከአዋሽ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ በገዋኔና በሚሌ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። አዋሽ ሰባት ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው። እዚያ ሙቀቱ በክረምት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ንፋሱም ትኩስ ነው። ልጄ የለቀለቀችው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ ጥላ በሌለበት ነው። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ሲደርቅ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። ላይኛው ሲኮማተር ውስጠኛው ስላልተከተለው ተሰነጠቀ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። በቆላ ልቅለቃ የሚጀመረው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ለጾመኛም የሚመቸው ከተራዊህ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። እንደተጨረሰ አፉና የአየር ቀዳዳው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ከላዩ ጥላ ይደረግለት። ጆንያው ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭበት። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየተከፈተ ለሌላ ሳምንት ያህል ይቆይ። ልጄ ሁለተኛውን በዚህ መንገድ ሠራችው፤ አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ዛሬ ይጋገርበታል።

የመጀመሪያው እሳት

ላዩ የደረቀ ምድጃ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ የቀረው ውኃ ትልቅ እሳት ሲያገኘው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት መውጫ ካጣ ገምሶ ይወጣል። እኛ የሰማነው ድምፅ እሱ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ጭራሮ ብቻ ይንደድ፤ የውጪው ግድግዳ እጅ ሲያስቀምጡበት ለብ ይበል፤ በቃ። በሁለተኛው ቀን ጥቂት ይጨመር። እንዲህ እየተባለ አራት አምስት ቀን ይሂድ። መድረቁን ለማወቅ እሳቱ ካለቀ በኋላ ፍሙን አውጥታችሁ ቀዝቃዛ የብረት ትሪ አፉ ላይ ድፉበት። ትሪው ላብ ካወጣ ገና ነው። ደረቅ ከሆነ ለትልቁ እሳት ደርሷል።

ማገዶው ደረቅ ይሁን። እኛ አገር ሞልቶ የተረፈው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች ደርጊ ሓራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ ሲደርቅ ጥሩ ፍም ይወጣዋል። ግጦሹን የወረረ ዛፍ ስለሆነ ቢቆረጥም የሚያዝንለት የለም። እርጥቡ ግን ያጨሳል፤ ምድጃውንም ጎረቤትንም ያጠቁራል።

ከዚያ ማሟሸት ይመጣል። ለምጣድ እንደምናደርገው የተወቀጠ ጎመንዘር በጨርቅ ስስ አድርጎ በሞቀው ግድግዳ ላይ ማሸት ነው። የመጀመሪያው ቂጣ አሸዋ ይዞ ስለሚነሣ ለፍየል ይሰጥ። ከሁለተኛው ጀምሮ የሰው ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። ጭቃ ሸክላ የሚሆነው ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ የምድጃችን የውጪ ግድግዳ ያን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ዓመታት የተጋገረበትም ቢሆን ዝናብ ካገኘው ውጪው ይሟሟል። ጣሪያ ሥሩለት፤ ጣሪያው ግን ከእሳቱ በቂ ከፍታ ይኑረው። ሁለተኛው፣ ፍም ይዛችሁ ወደተዘጋ ክፍል አትግቡ። የፍም ጭስ ሳይሸት ይገድላል። በኢፍጣር ሰዓት ልጆች ምድጃውን ይከባሉ፤ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው እነሱን መጠበቅ ብቻ ይሁን።

ምድር ስትንቀጠቀጥ

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን ዙሪያ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ በታኅሣሥና በጥር በረታች። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሡ። እኛም አዋሽ ላይ ሌሊት ከቤት ወጥተን ያደርንባቸው ቀናት ነበሩ። የረመዳን ወር የካቲት 22 ቀን ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ገና በመጠለያ ነበር።

በሰፈራችን የተሰነጠቁ ግድግዳዎችን ስናይ የተሰነጠቁ ምድጃዎችንም አየን። ጥገናው እንዲህ ነው። የፀጉር ያህል ቀጭን የሆነው አይነካ፤ ሲሞቅ ራሱ ይገጥማል። ሳንቲም የሚያስገባው አፉ በቢላ ሰፋ ተደርጎ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ በውኃ ርሶ፣ ገል በበዛበት ጭቃ በጥብቅ ይሞላ፤ ከዚያ በድንጋይ ይታሽ፤ እንደ አዲስ ምድጃ ተሸፍኖ ይድረቅ፤ በትንሽ እሳት ይጀመር። ስንጥቁ ዙሪያውን ከዞረ ወይም ምድጃው ካዘመመ ግን አትድከሙ፤ አፍርሱት። የሚጣል ነገር የለውም። የተቃጠለው ተወቅጦ ገል ይሆናል፤ ያልተቃጠለው ተነክሮ እንደገና ይቦካል።

የእኛ ምድጃ ሁለት ስንጥቅ ብቻ ነበረው፤ ተጠገነ። የጎረቤታችን ግን ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር። በዕድሜ ደክመዋል፤ አዲስ ማቆም አልቻሉም። ረመዳን ሲገባ ልጃቸው ሊጥ በሳፋ ይዛ አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት፤ ለመግባት ታመነታለች። ባለቤቴ ቀድማኝ ወጣች። «እኛ ጋር ምድጃ አለ። ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

አንድ ተኑር ለሁለት ቤት

ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ያለ አንድ ዘገባ በወጣትነቴ ኪታብ ስቀራ በቃሌ ይዤው ነበር፤ የገባኝ ግን በዚያ ምሽት ነው። ኡሙ ሂሻም ቢንት ሓሪሳ (ረ.ዐ) የምትባል ሶሓቢያ፣ የእነሱና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ተኑር ለሁለት ዓመት ያህል አንድ እንደነበር ትናገራለች። ይህን የምታነሣው ሱረቱ ቃፍን ከነቢዩ አንደበት፣ ከጁሙዓ ኹጥባቸው መያዟን ስትናገር ነው። የአላህ መልእክተኛ ቤት ሰዎች ከጎረቤት ጋር በአንድ ምድጃ ሲጋግሩ አላፈሩም። እኔ ግን ባለቤቴ ሊጥ ይዛ ጎረቤት እንዳትሄድ ብዬ በአራት ቀን ምድጃ ልጨርስ ቸኮልኩ።

በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ጃቢር (ረ.ዐ) ባዘጋጀው ጥቂት ምግብ ብዙ ረሃብተኛ የጠገበበትም ዘገባ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከድስቱና ከተኑሩ እያወጡ ሰውን ሲያበሉ፣ ባወጡ ቁጥር መልሰው ይሸፍኑ እንደነበር ቡኻሪ ዘግቦታል። ባለቤቴ የምድጃችንን ክዳን በደፋች ቁጥር ይህን አስባለሁ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለዘንድሮ ረመዳን ምድጃችሁ ካልደረሰ አትቸኩሉበት። ተሸፍኖ ይድረቅ። እስከዚያ ሊጣችሁን ይዛችሁ ጎረቤት ሂዱ፤ አትፈሩ። ምድጃ ያላችሁ ደግሞ ሰው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። በተለይ ከቀያቸው ተነሥተው በአጠገባችሁ ያረፉ ቤተሰቦች ካሉ ከዐስር በፊት በራቸውን አንኳኩ። ፍሙ እንደሆነ ለአንድ ቤትም ለሦስት ቤትም ያው ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ምድራችንን ያረጋጋልን። ረመዳን ከሪም።